የሄርሸል ታኬት ዘጠና በመቶ

ኦርፋ ሚሽለር ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሥራ ባሏ ሌስተር እንኳ በቅጡ ሊያስረዳ አይችልም ነበር። ዕድሜ ልኩን ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ሰው ሲጠይቀው «መንግሥት የሚያሠራው አውሮፕላን ስንት ዓመት እንደዘገየ ትጽፋለች» ይልና ይስቃል። ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። መንግሥት አውሮፕላን ሲያሠራ ከመጀመሪያዋ ብሎን እስከ መጨረሻው ቀለም ያለው ሥራ ሁሉ መስመር በመስመር ይሰፍራል። እያንዳንዱ መስመር የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሚበላው ገንዘብ፣ ምን ያህሉ እንደተሠራ የሚናገር መቶኛ፣ ደግሞም የአንድ ባለቤት ስም አለው። ጊዜው ያለፈበት መስመር ቀይ ይሆናል። ኦርፋ የእነዚያ መስመሮች ጠባቂ ነበረች።

ስሟ ከመጽሐፈ ሩት የተወሰደ ነው። ያቺኛዋ ዖርፋ አማቷን ስማ ከመንገድ የተመለሰችው ናት፤ ሰባኪም ስለ እሷ ብዙ አይናገርም። አባቷ የምዕራብ ኦሃዮ ገበሬ፣ በቆሎ የሚዘራ አሳማ የሚያረባ፣ ፍርድ ቤት ቢቆሙ እንኳ መሐላ ከማይምሉት ዝምተኛ ክርስቲያኖች ወገን ነበር። «ቃልሽ አዎ ከሆነ አዎ፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን» እያለ አሳደጋት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታይፒስት ሆና አየር ኃይሉ ሰፈር ስትገባ የመስመሮቹ ሰሌዳ ገና ግድግዳ ላይ በባለቀለም ፕላስተር ይለጠፍ ነበር። ቀዩን ልጣ አረንጓዴውን የምትለጥፈው እሷ ነበረች። ኋላ ፕላስተሩ ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ እንጂ ሥራው ያው ነው።

በዚህ ሥራ ተወዳዳሪ አልነበራትም። የዘገየውን መስመር ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ያለቀው ግማሽ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያላለቀው ግማሽ ደግሞ አዲስ ቀን ያገኛል። አንዱን መስመር ከሌላው ፈትታ ታስረዝመዋለች፣ ጎትታ ታሳጥረዋለች። ውሸት ነው የሚላት ቢመጣ ደንቡን ከመሳቢያዋ አውጥታ ታሳየዋለች፤ ሁሉም በደንቡ ነው። አለቆች ዋሽንግተን ሄደው ሲመለሱ «ከኦርፋ ሰሌዳ ላይ ቀይ አይገኝም» ይሉ ነበር፤ እሷም ይህን ስትሰማ አንገቷ ይሞቃታል። ሰው በምኑ እንደሚኮራ አይታወቅም መቼስ።

የመጨረሻው ፕሮጀክቷ ግሬይ ሄሮን የሚባል የነፍስ አድን አውሮፕላን ነበር። አሥራ አንድ ሺህ መስመር ነበረው። ከእነዚያ ውስጥ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባተኛው፣ አውሮፕላኑ በረዶ ላይ ቢወድቅ ሠራተኞቹ የሚወጡበት የማምለጫ በር በከባድ ብርድ መከፈት አለመከፈቱን የሚፈትነው ነው። የዚህ መስመር ባለቤት ኬንተኪ ውስጥ ባለው የኮንትራክተሩ ፋብሪካ የሚሠራ ሄርሸል ታኬት የሚባል መሐንዲስ ነበር። ኦርፋ ሰውየውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። በወር በወሩ፣ ሃያ አምስተኛው ቀን ላይ፣ ደውላ መቶኛውን ትጠይቀዋለች።

«ሄርሸል፣ ዛሬስ ስንት ደረሰ?»

«ዘጠና።» የተራራ አገር ሰው ነው፤ ቃል ሲያወጣ የሚከፍልበት ይመስል ነበር።

«ባለፈው ወርም ዘጠና ነበር እኮ! ያቺን አሥር ምን በላት?»

«ብርዱን እየጠበቅን ነው።»

«ብርዱን? ባለፈው ክረምት አልመጣም እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ የምትቀበርበት ሣጥንም ዘጠና በመቶ ሲያልቅ ነው የምትገባበት!»

«ሊሆን ይችላል እመቤቴ» አለ ሄርሸል፤ ሳቅ ግን አልነበረበትም።

በዚህ ሙያ ዘጠና በመቶ የታወቀ ቀልድ ነው። ሥራው የት እንደደረሰ የማያውቅ ሁሉ ዘጠና ይላል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው። ኦርፋም ሄርሸልን ከእነዚያ ቆጠረችው። ኋላ ኮምፒውተሩ መቶኛውን ከፋብሪካው ራሱ እየሳበ ማምጣት ሲጀምር መደወሉም ቀረ። ቁጥሩ ግን በየወሩ ይመጣ ነበር። ታኬት፣ ሄርሸል። ዘጠና። ብርዱን እየጠበቅን ነው።

የግሬይ ሄሮን ወጪ ሕጉ ከሚፈቅደው ጣሪያ ያለፈ ጊዜ ዕቅዱ እንደ አዲስ እንዲተከል ታዘዘ። ይህ ከምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ፣ ተወቅሶ፣ አዲስ ቀንና አዲስ ገንዘብ ተሰጥቶ መመለስ ነው። ያለፈው መዘግየት ሁሉ ይሰረዛል፣ በማግስቱም ሰሌዳው አንድ ቀይ ሳይኖርበት ይነጋል። ንስሐ ሳይገቡ ሥርየት እንደማግኘት ያለ ነገር ነው። ጊዜው አጭር፣ መስመሩ ብዙ ሆነና አለቆቹ ሲጨነቁ፣ ኦርፋ ስብሰባ ላይ እጇን አነሣች። «ዘጠናና ከዚያ በላይ የደረሰ ሁሉ እንዳለቀ ይቆጠር። ለአሥር በመቶ ብለን አንሞትም» አለች። ተሳቀ፣ ጸደቀ። ኋላ «የሚሽለር ደንብ» ተባለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብታ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመሮች በአንድ ጊዜ መቶ ሆኑ። ለዚህ ሥራዋ ስሟ የተቀረጸበት የእንጨት ሽልማት ተሰጣት፣ ሌስተር ሳሎን ሰቀለው።

በሚቀጥለው ወር ሃያ አምስተኛው ቀን ግን አንዱ መስመር ተከፍቶ ተገኘ። ታኬት፣ ሄርሸል። ዘጠና። ብርዱን እየጠበቅን ነው።

ኦርፋ ስህተት ነው ብላ ዘጋችው። በወሩ ተከፍቶ ጠበቃት። ዘጋችው። በወሩ ደግሞ ተከፈተ። ሌሎቹ ሦስት መቶ አሥራ አንዱ ጭጭ ብለዋል፤ በሕይወት ያለ ሰው ሥራህ አልቋል ሲባል ደስ ብሎት ይቀበላላ! ከስስ ግርዶሽ ማዶ የሚቀመጠው ዱዌን ፕሩት፣ የድሮ አሥር አለቃ ነው፣ አንገቱን አስግጎ አያትና፣

«እመቤቴ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ እልኸኛ ነው። ማን ያሸንፍ ይሆን? በምሳ እንወራረድ?» አላት።

«አፍህን ዝጋና የራስህን ቀይ ቁጠር።»

«የኔ ቀዮች ጨዋ ናቸው፤ ሲዘጓቸው ይዘጋሉ።»

በልግ ላይ በውሃ ማፍያው አጠገብ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቀለ። አራት ሰዎች አውሮፕላኑ ፊት ቆመዋል፤ ታኅሣሥ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ አላስካ ላይ በብርድ ውስጥ የሚያበሩት እነሱ ናቸው። አንዷን ኦርፋ ታውቃታለች። ብራንዲ ኦልሰን የምትባል ሳጅን ናት፤ ሁሉም ከቤቱ ሠርቶ በሚያመጣበት የዓርብ ምሳ ላይ ወንድሟ ካደነው አጋዘን የተሠራ ቋሊማ አምጥታ በግድ አጉርሳታለች። በረራው እንዲፈቀድ ከእሱ በፊት ያሉት መስመሮች ሁሉ መዘጋታቸውን ኦርፋ መፈረም ነበረባት። የመፈረሚያው ቀን ከምስጋና ቀን በኋላ ያለው ሰኞ ነበር።

ከምስጋና ቀን በፊት ያለው ረቡዕ ሃያ አምስተኛው ቀን ላይ ዋለ። ሰው ሁሉ ለቱርክ ዶሮውና ለዘመዱ ቸኩሎ ከቀትር በፊት ሄዷል። ኦርፋ መስመሩን ከፈተች። ዘጠና። በየወሩ እንደምታደርገው ልትዘጋው ቁልፉ ላይ ጣቷን ካሳረፈች በኋላ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጇን መልሳ ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን አልረሳችውም።

ሦስት ጊዜ ጠራ። ከዚያ የምታውቀው ያ ቀርፋፋ ድምፅ መጣ፤ «ሄርሸል ታኬት ነኝ። አሁን ብርዱ ክፍል ውስጥ ነኝ። ስወጣ እደውላለሁ።» መልእክቱ እዚያ ላይ አላለቀም። ከበስተጀርባው አንድ ነገር ተንኳኳ፤ ብረት በኃይል ተስቦ አልላቀቅ እንደሚል ዓይነት ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ስልኩ ጭር አለ።

የፋብሪካውን ስልክ ተቀባይ ጠራች።

«ሄርሸል?» አለች ሴትየዋ፤ የሆነ ነገር እያላመጠች ነበር፣ ማላመጧን ተወች። «እመቤቴ፣ ሄርሸል ከሞተ እኮ ሦስት ዓመት አለፈው።»

ኦርፋ ክው አለች። «ታዲያ ቁጥሩን ማነው በየወሩ የሚልክልኝ?»

«ማንም። ካልነኩት ኮምፒውተሩ ያለፈውን ወር ይደግማል። ባለቤት ለመቀየር ደግሞ የሚረከበው ሰው መፈረም አለበት። ቀይ የነበረ መስመር ማን ወዶ ይፈርማል? ስልኩንም እንዲዘጉት አንድ ሰው ወረቀት መሙላት ነበረበት፣ አልሞላም። አንዳንዶቻችን ለነገሩ ድምፁን ለመስማት እንደውላለን።»

ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በእሷም ቢሮ በየጊዜው ይደርሳል። ኦርፋ ይህን ለራሷ እየነገረች ካፖርቷን ልትለብስ ስትነሣ በረዳት። ማሞቂያው እየነፈሰ ነበር፤ እጇን አፉ ላይ አድርጋ ትኩስ መሆኑን አረጋገጠች። እሷን ግን ቅዝቃዜው ከአጥንቷ ውስጥ ነበር የሚመጣው።

በማግስቱ ቤቱ በልጆችና በልጅ ልጆች ሞልቶ፣ ምድጃው ከንጋት ጀምሮ ሲነድድ፣ ኦርፋ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ዶሮዋ እንኳ ካንቺ ትሞቃለች» አላት ሌስተር። «ታመሻል እንዴ?»

«አልታመምኩም። ነገ ኬንተኪ እሄዳለሁ።»

«ኬንተኪ ማን አለሽ?»

«የሰደብኩት ሰው» አለች ኦርፋ።

ዓርብ ጧት የተረፈውን የዱባ ፓይ በፎይል ጠቅልላ ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳች። የሄርሸል ሚስት ኔልዳ ታኬት ወንዝ ዳር ባለች ነጭ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በሩን ስትከፍት ማን ነሽ እንኳ ከማለቷ በፊት ፓዩን ተቀበለቻት። «ማሬ፣ ግቢ፤ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኗል።» ከኦሃዮ መምጣቷን፣ ለባሏ ትደውል የነበረችው እሷ መሆኗን ስትሰማ ቁጭ አለችና ትኩር ብላ አየቻት።

«ዘጠናዋ ሴትዮ አንቺ ነሻ!»

«እኔ ነኝ።»

«ያወራልኝ ነበር። ሲሞት ነሐሴ ነበር፤ ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ነርሶቹ ላብ በላብ። እሱ ግን ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤለት ይንቀጠቀጣል። ልቡ ነው አሉኝ። ደግሞ ‹አይከፈትም፣ አይከፈትም› ይላል። መስኮቱን መስሎኝ ተነሥቼ ከፈትኩለት። ‹ይኸው ተከፈተ የኔ ጌታ› ስለው ራሱን ነቀነቀ።» ኔልዳ የልብሷን ጫፍ አጣጥፋ መልሳ ዘረጋችው። «እኔ እንጃ ማሬ፣ መስኮቱን አልነበረም።»

ከጋራዡ አንድ የብረት ሣጥን አመጣች። ውስጡ ሄርሸል በእጁ የጻፈው የማስታወሻ ደብተር ነበር። ኦርፋ ገልጣ ገልጣ የሙከራውን ቀን አገኘችው። ጽሑፉ ትልልቅ ነው፣ በጓንት የተጻፈ ይመስላል።

ከዜሮ በታች አርባ። ሳብኩ፣ አልተከፈተም። ሳብኩ፣ አልተከፈተም። ሳብኩ፣ አልተከፈተም።

ከሥሩ ሌላ ቀን የተጻፈ አለ። አለቃዬ መቶ በል ይለኛል። መቶ አልልም። ዜሮ ብል መስመሩን ከእጄ ወስደው መቶ ለሚል ሰው ይሰጡታል። ስለዚህ ዘጠና ላይ አቆመዋለሁ፤ ዘጠና የሚለውን ሰው ማንም አይነካውም። ያቺ የኦሃዮዋ ሴትዮ በየወሩ ስንት ደረሰ እያለች ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ለምን ብላ ትጠይቀኝ ይሆናል።

ኦርፋ ደብተሩን ዘግታ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ በወር በወሩ ደውላ አንድ ቀን ለምን አላለችውም። ሰውየው «አይደለም» ሲላት ነበር የኖረው፤ «አይደለም»ን በግልጽ መናገር ያልተፈቀደለት ሰው ሊናገር በሚችለው ብቸኛ መንገድ ተናግሮ፣ ሞቶም መናገሩን አላቆመም። እሷ ናት በአንዲት ቁልፍ አፉን የዘጋችው። ኔልዳ ምንም ሳትጠይቅ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ጣለችላት።

ሰኞ ጧት ደብተሩን የፕሮጀክቱ አለቃ ሌተና ኮሎኔል ሬንፍሮ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሬንፍሮ ክፉ ሰው አይደለም። ቆሞ ጀመረ፣ ተቀምጦ ጨረሰው።

«ይኼን መስመር መቶ ያደረገው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ይኼን ስትነግሪኝ ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ? በረራው ይቀራል። በትንሹ ሰባት ወር እንዘገያለን። እንደገና ዋሽንግተን እጠራለሁ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ሰባት ወር ተኩል ነው፤ ቅዳሜ ዕለት አስልቼዋለሁ።»

ሬንፍሮ ደብተሩን ዘጋው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይኸው ነው» ብሎ በረራውን ሰረዘ። ከዚያ፣ «የሞተ ሰው ባለቤት ሊሆን አይችልም። ፋብሪካው የሚረከበው ሰው እስኪያቀርብ ማንን ልጻፍ?» አለ።

ኦርፋ ከእሷ ሌላ ቢሮው ውስጥ ሰው ይኖር ይሆን ብላ እንደምትፈልግ ዞር አለች። «እኔን ይጻፉ» አለች። መቶኛውንም እንደነበረ ዘጠና ላይ ተወችው፤ የሄርሸል ብልሃት አሁን ገብቷታል።

ፋብሪካው ሰው አላቀረበም። በሩ ሊፈተን የሚችልበት የብርዱ ክፍል ለዓመት ከመንፈቅ በሌሎች ተይዟል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ገንዘቡ ተቀነሰ። ግሬይ ሄሮን አሪዞና በረሃ ላይ በረረ፤ እዚያ የማምለጫው በር እንደ መሳቢያ ይከፈታል። ሬንፍሮ እንደ ወግ ልማዱ በሁለት ዓመቱ ተዛወረ፣ የተተካው ሰውም የደብተሩን ቅጂ ከኦርፋ ተቀብሎ አመስግኖ ፋይል ውስጥ ከተተው። ጡረታዋ ደረሰ። ኬክ ተቆረሰ፣ ዱዌን «የቀይ ጠላት፣ ኋላም የቀይ እናት» ብሎ ንግግር አደረገና አሳቃቸው። መስመሯን ግን የተረከባት የለም። ወረቀቱን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ቤት ገባች፣ ብርዱም አብሯት ገባ። ሐምሌ ላይ ሌስተር በካናቴራ ሆኖ ቲማቲሙን ሲያጠጣ እሷ በረንዳ ላይ በወፍራም ሹራብ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ደሟን መረመረ፣ የአንገቷን ዕጢ መረመረ፣ ምንም አላገኘም። በሃያ አምስተኛው ቀን ይብስባታል። ሌስተር መጀመሪያ ይቀልድ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት መቀለዱን ተወና ቀኑ ሲደርስ ሳትጠይቀው ብርድ ልብስ ያመጣላት ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ሃያ አምስት፣ ሰው ጥላ ፍለጋ በሚሸሽበት ቀትር፣ ስልኩ ጮኸ።

«እመቤቴ!» ዱዌን ፕሩት ነው። «ለመሆኑ በሕይወት አለሽ?»

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«አሁን እኮ ያንቺ ወንበር ላይ ነኝ። በየወሩ ሪፖርት ትልኪልኛለሽ። ሚሽለር፣ ኦርፋ፤ ዘጠና፤ ብርዱን እየጠበቅን ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። አሁን አላሳቀኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕቅዱ ዳግመኛ እንደ አዲስ ሊተከል ነው። አዲሱ አለቃ ያንቺን ደንብ አውጥቶታል። ዘጠናና ከዚያ በላይ የሆነው ዛሬ ይዘጋል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።»

ኦርፋ የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች። «ተጫንከው?»

«አልተጫንኩም። መጀመሪያ ልደውልልሽ ብዬ ነው።»

«የሚበሩት መቼ ነው?»

«ኅዳር ላይ። አላስካ። ፎቶግራፉ ያው ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ያቺ ቋሊማ ያበላችሽ ልጅ አሁንም አለችበት።»

«ዱዌን፣ በሩ አይከፈትም። ሄርሸል ሦስት ጊዜ ስቦታል።»

«አውቃለሁ እኮ፤ ነግረሽኛል። አለቃውንም ባለፈው ሳምንት ነገርኩት። ‹የመስመሩ ባለቤት ትቅረብና ታስረዳ› አለኝ። ጡረታ ወጥታለች ስለው ‹እንግዲያው ባለቤት የለውም፣ ዝጋው› አለ። ባለቤት የሌለው መስመር አይቃወምም።»

«ስምህን ጻፍበት።»

ኦርፋ የዱዌንን ትንፋሽ ትሰማለች። ጡረታው አራት ዓመት ብቻ እንደቀረው፣ ሴት ልጁ ኮሌጅ እንደሆነች፣ አዲሱ አለቃ ቀይ እንደማይወድ ታውቃለች። ደግሞ ሌላም ነገር ታውቃለች፤ የመስመሩ ባለቤት መሆን ምን እንደሚያስከትል። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ብትነግረው አይጽፍም ይሆናል። ባይጽፍ አራት ሰዎች በማይከፈት በር ጀርባ ይቀመጣሉ።

«ቃልህ አዎ ከሆነ አዎ ይሁን፣ ልጄ» አለች፤ ሌላውን ዋጠችው። ልጄ ብላው አታውቅም።

ከዚያ የቁልፎች ድምፅ መጣ፤ በአንድ ጣት የሚጽፍ ሰው ነው፣ ቀስ እያለ ሄደ።

«ፕሩት፣ ዱዌን» አለ። «ዘጠና። ማስታወሻው ላይ ምን ልበል?»

«ብርዱን እየጠበቅን ነው በል።»

«ጻፍኩት። ፈረምኩም። እንግዲህ የመጣው ይምጣ...» ከተናገረ በኋላ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። «ቆይ አንዴ ያዢኝ እመቤቴ። እንዴ! ይኼን ማቀዝቀዣ ማነው እንዲህ የለቀቀው?»

ኦርፋ አንገቷ ሥር ላብ ጠብ ሲል ተሰማት። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹራቧን አወለቀች፤ ሐምሌው ክንዷ ላይ ሲያርፍ እንዲያ ደስ በማለቱ አፈረች።